«ማን ሞተ?» ያስባለን የጠዋት መንገድ

«እናትሽን የሚገላት ስኳሩ እንዳይመስልሽ፤ አንቺ ነሽ።»

ይህን ፊት ለፊት ያለችኝ ትርንጎ የምትባል የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጦርነቱ ወደኛ ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ። ምላሴ ዝም ስለማይል ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። ይሄኛው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ ልገባ ነበር። እናቴ ስኳርም ግፊትም ስላለባት ቀረሁ። ከቀረሁ አይቀር ደግሞ እንደ ወጉ ያዝኳት። እኛ ሰፈር ልጅ የደረሰችላት እናት ከመቀመጫዋ አትነሳም። እናቴ ባልዲ ይዛ ከታየች «ሐዋ ሴት ልጅ አልወለደችም እንዴ?» ይባላል። ስለዚህ ጫማዋን አጠልቅላታለሁ፣ እጇን አስታጥባታለሁ፣ የወደቀ መቁጠሪያ እንኳ አነሳላታለሁ። ሰው በምላሴ ስድ ይለኝ ነበር፤ በእናቴ አያያዝ ግን የሚናገረኝ አልነበረም።

ትርንጎ የመጣች ቀን እናቴ በር ላይ ተቀምጣ «ፋጤ፣ ውኃ!» ብላ ጠራችኝ። ልብስ ከማጥብበት ከጓሮ ሮጬ መጣሁ። ጆጉ እጇ ሥር ነበር። ቀዳሁና ሰጠኋት። ትርንጎ ጆጉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነው ያንን ያለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ሌላ ቤት ሂጂና ስበኪ» አልኳት።

ትርንጎ አልተቆጣችም። ሁላችንም በዓመት አንዴ የምናዋጣለት የጤና መድህን በስኳርና በግፊት መድኃኒት እያለቀ መሆኑን ነገረችን። ጤና ጣቢያው «የለም» እያለ ሰዉን ወደ ግል ፋርማሲ የሚሰድደውም ለዚሁ ነው። አሁን ከበላይ «ቤት ለቤት ዙሩ፤ ሰዉን አራምዱ፣ ጨው አስቀንሱ፣ ሳይታመም ያዙት» ተብለናል አለች።

«እና መንግሥት መድኃኒት መግዛት ሲያቅተው እናቴን ሊያስሮጣት ነው?»

«አዎ፣ አቅቶታል» አለች ትርንጎ። «አንቺ ከቻልሽ ግዥላት።»

እናቴ ሳቀች። «ፋጤ፣ ዛሬስ እኩያሽን አገኘሽ!»

ትርንጎ ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር መዘዘች። እናቴን ዓይኗን አስጨፈነቻትና ውስጥ እግሯን ከተረከዟ እስከ ጣቶቿ በስንጥሩ ጫረችው። ደገመችው።

«ምን እየጠበቅሽ ነው? ጀምሪው እንጂ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።



ትርንጎ ወደ ጓሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረችኝ። እግሯ እየደነዘዘ ነው፤ ሚስማር ቢወጋት አታውቅም። ሳታውቀው ከቆሰለ፣ ቁስሉ ካልዳነ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። «ማታ ማታ ውስጥ እግሯን እዪላት። ጠዋት ጠዋት ደህና ጫማ አድርጋ ትራመድ። አንቺም አትደግፊያት፤ ከጎኗ ሁኚ።»

እናቴን ማስነሳት ግን ቀላል አልነበረም። እሑድ እሑድ አስፋልቱ ተዘግቶ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ ወጣቱ ስፖርት ይሠራል። ወደዚያ እንሂድ ብላት «አስተግፊሩላህ! በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ላይ ልዝለል?» አለች። ብቻችንን ዝም ብለን እንሂድ ስላትም «ጉዳይ የሌለው ሰው የት ይሄዳል? አበደች ልታስብዪኝ ነው?» አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። በመጨረሻ ሰው ሳያየን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወዲያው እንድንወጣ ተስማማን።

ስህተታችን እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ትልቅ ሴት በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ስትፈጥን ከታየች፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ገና ከግቢ እንደወጣን ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ደጃፏን ስትጠርግ አየችን። «ሐዋ! ምነው በደህና?»

እናቴ «ለስኳሬ ልራመድ ነው» ማለት አፈረች። አንገቷን ደፍታ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብላ ፍጥነት ጨመረች። መርዶ የደበቀ ሰው ደግሞ ልክ እንደዚያ ነው የሚለው።

ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ከኋላችን የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትከተለናለች። ከሷ ኋላ የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በዝምታ ይመጣሉ። አንዷ ዓይኗን እያበሰች ነው። ማን እንደሞተ ሳታውቅ! ከሁሉም ኋላ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ይማም ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ያለከልካል።

እናቴ የባሰ ፈጠነች። እነሱም ፈጠኑ።

ጋሽ ይማም እንደምንም ደረሰብን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ ሐዋ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ። ልንፋው ወይስ መጀመሪያ ቤተ ዘመዱ ይስማ?» አላት።

እናቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉም ከበቧት። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት «ዝም በይ አንቺ» ብላ ተቆጣችኝና በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

«የሞተ የለም» አለች ከውስጥ። «ስኳሬን ላራግፍ ነው የወጣሁት።»

ከዚያ እትዬ አሰገደች ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። «ቀልብሽ ይገፈፍ ሐዋ! ሊጥ ጥዬልሽ ነው የወጣሁ! እኔ በልቤ የማን ልጅ ይሆን እያልኩ፣ የደሴውን ልጄን እያሰብኩ...» ንግግሯን ሳትጨርስ ሳቅ አፈናት። ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ሴትዮ «ታዲያ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?» ስትል ሁሉም አብረው ሳቁ። ጋሽ ይማም ብቻ ጥሩምባውን እያየ «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እኮ» ይላል።

እትዬ አሰገደች እናቴን እጇን ይዛ አስነሳቻት። «በይ እንግዲህ፣ ከወጣን አንመለስ። እኔስ ግፊት አለብኝ አይደል?» እስከ ሐይቁ ሄድን።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሰፈሩ በየጠዋቱ እንዳይደነግጥ የቅሬው ሴቶች አንድ ነገር ተስማሙ፤ ለለቅሶ ከሆነ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ለመንገዱ ከሆነ ወገብ ላይ ይታሰራል። የሚያያቸው ሁሉ ያውቃል። ትርንጎ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታቸው «ይህንን በስብሰባ ብናገረው ማንም አያምነኝም» አለች።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሐይቅ ወደ ደሴ ተነሳ። መኪና ጠፋ። እናቴ በእግሯ ነው የወጣችው። በየመሐሉ ጥግ ይዛ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ውስጥ እግሯን አየዋለሁ፣ ታጠልቅና ትነሳለች። መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ያን ቀን ማንም ማንንም «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ነበር።

ስንመለስ ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። መድኃኒት እስኪገኝ ብዙ ቆየን። እነ እትዬ አሰገደች መንገዱን አልተዉም። ትርንጎም ወደ ሥራዋ ስትመለስ የእናቴን እግር አገላብጣ አየችው። ዛሬም ስንጥር አይሰማውም፤ ግን ቁስል የለበትም፣ ይራመዳል።

መንግሥት አዘነልን አልልም። ብር ስላጠረው ነው፤ ራሷ ትርንጎ ነግራኛለች። ትርንጎን ግን ያን ቀን ከግቢዬ ባለማስወጣቴ ደስ ይለኛል። ጆጉን ሳነሳ አሁንም ትዝ ትለኛለች።

ባለፈው ኮምቦልቻ ያለችው ጓደኛዬ ፋብሪካው ሰው እየቀጠረ መሆኑን ደውላ ነገረችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። ስልኩን ሳወራ ግን ሰምታኛለች።

«ውስጥ እግርሽን ማን ያይልሻል?» አልኳት።

ከትራሷ ሥር የእጅ መስታወት አወጣች። መሬት ላይ አስቀምጣ እግሯን ከበላዩ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «ራሴ ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ» አለች። «አንቺ ምን እየጠበቅሽ ነው? ሂጂ እንጂ።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ባጃጅ ልያዝ ብላት እምቢ አለች፤ ቦርሳዬን በአንድ ጎን እሷ፣ በአንድ ጎን እኔ ይዘን ሄድን። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ስለነበር የሚያገኘን ሁሉ «ምነው በደህና?» ይላል። አትመልስም።

ሚኒባሱ ሞላ። በመስኮቱ በኩል ዱዓ አደረገችልኝ። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው። እትዬ አሰገደች ከመንገዱ ማዶ ቆማ ትጠብቃታለች። ሁለቱ ወደ ሐይቁ ታጠፉ፤ መኪናችንም የደሴን መንገድ ያዘ።