የአባቴ «ኦኬ» እና ሽማግሌዎቹ

ባለፈው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ... መካኒሳ እቤታችን፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ጆሮዬን ለጥፌ ቆሜያለሁ። ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። የመጡት እኔን ለሄኖክ ለመጠየቅ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ አባዬ ልንገራችሁ።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወሬ ሲጀምር ሰው ሥራውን ትቶ የሚያዳምጠው ዓይነት። በሰፈራችን ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ግማሹን ሰፈር የዳረው እሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ባለፈው ዓመት ግን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ ቃላቱ ደግሞ ሙልጭ ብለው ጠፉ። የቀረችው አንዲት ቃል ናት... «ኦኬ»።

ያ ሁሉ አማርኛ ጠፍቶ እንግሊዝኛ መትረፏ ገርሞን ነበር። ምክንያቱ የገባን በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናውን ወደኋላ ሲያስገባ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና... ና... ና... ኦኬ» ሲለው ኖሯል።

አሁን ሁሉንም ነገር የሚለው በእሷ ነው። ሻይ ሲፈልግ ኦኬ። ስኳር ሲበዛበት ፊቱን አኮሳትሮ ኦኬ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን አርፍዳ ስትመጣ ረዘም አድርጎ «ኦኬኬኬ...» ይላታል፣ የት ቆየሽ ማለቱ ነው። ኳስ ሲያይ የሚላት ኦኬ ደግሞ እዚህ የማትጻፍ ስድብ ናት። እኛ ለምደን ሁሉንም እንለያለን። ሌላ ሰው ግን የሚሰማው እሺታ ብቻ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «እንመካከርና ተመለሱ» ነው ወጉ። አባዬ ደግሞ አፉን ከከፈተ... ኦኬ።

የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ በዚያው እሁድ ጠዋት ከፉሪ መጣና መላውን ነገረን።

«ታሟል፣ ተኝቷል እንበልና መኝታ ቤት ይቆይ። እኔ እመልሳለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እየሰማ እኮ ነው» አለች እማዬ።

«ይስማ። ገና ሲጠየቅ ኦኬ ብሎ ቢሰጣት ሰው ምን ይላል? ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጨንቋቸው ነበር አይሉም?»

እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ዕድሜዬን ስላስታወሰኝ አመሰግነዋለሁ።

አባዬ ወንበሩ ላይ እንዳለ መሬት መሬቱን እያየ ቀስ ብሎ «ኦኬ» አለ። ይቺኛዋን ሰምቻት አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ስንቱን የዳረ ሰው የገዛ ልጁ ስትጠየቅ ጓዳ ሊደበቅ ነው።

«አባዬ ከሌለ እኔም የለሁም» አልኩ። «ሽማግሌዎቹን ከበር ላይ ራሴ ነኝ የምመልሳቸው።»

ጋሼ ደምሴ ተበሳጨ። እማዬ ሄዳ የአባዬን ሙሉ ልብስ ከቁም ሳጥኑ አወጣች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ተቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ጉዳያቸውን አሳምረው ተናገሩ፣ ድሮ አባዬ ይናገር እንደነበረው። ሲጨርሱ ጋሼ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ ትንሽ ስላመመው፣ በእሱ ፋንታ እኔ...»

ድምፁ ተቋረጠ። በበሩ ክፍተት ሳይ አባዬ ግራ እጁን አንስቶ አስቁሞታል። ትልቁ ሽማግሌም ወደ አባዬ ዞሩ።

«እንግዲህ ጋሽ ታደሰ፣ መልሱን የምንጠብቀው ከእርስዎ ነው።»

 ለሻዩም ለመድኃኒቱም ለኳሱም ኦኬ የሚለው ሰውዬ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።  ያቺም ቃል ጠፋችበት እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ አንገቱን ቀስ አድርጎ አዞረ... ወደ መኝታ ቤቱ በር። ለካ እዚያ መቆሜን ያውቃል።

«ኦኬ?» አለ።

ጥያቄ ነበር። እየጠየቀ ያለው ደግሞ እኔን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሄኖክን ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሽማግሌ ላክ ያልኩትም እኔው ነኝ። ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከቤተሰቤ አንድ ሰው እንኳን «ትፈልጊዋለሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። የት እንደሚሠራ ጠይቀውኛል፣ ቤተሰቦቹ ከየት እንደሆኑ ጠይቀውኛል፣ ስንት ሰው እንደሚጠራም ጠይቀውኛል።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ብቅ እንደማትል አውቃለሁ። ግን አባቴ ጠይቆኝ እንዴት ዝም ልበል? እንባዬ መጣ።

«ኦኬ» አልኩት።

አባዬ ሳቀ። አሁን የሚስቀው በግማሽ ፊቱ ነው፣ ግን ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ሁለት ጣቱን አንስቶ፣ አንድ ጊዜ «ኦኬ» አላቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ጣቶቹን አዩ፣ አባዬን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«በሁለት ሳምንት እንመለሳለን። ገብቶናል ጋሽ ታደሰ።»

እሺም ሳይል፣ እንቢም ሳይል፣ ልጁን አማክሮ ቀጠሮ ሰጠ። ወጉ አንድም አልጎደለበትም። ጋሼ ደምሴ ብቻ እኔ መውጣት እንዳልነበረብኝ እስከ ዛሬ ይናገራል።

ሐኪሙ ሌሎቹም ቃላት ቀስ በቀስ ሊመለሱ ይችላሉ ብሎናል። እስከዚያው ግን ሰርጌ ላይ ንግግር የሚያደርገው አባዬ ነው... እንደማይረዝም ቃል እገባላችኋለሁ።