ለበርናባስ የተተከለው ድንኳን

ታቦር ተራራ ሥር ባለችው ከተማችን፣ ፒያሳ ውስጥ ስምንት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። በ2008 ዓ.ም. ነው። ቤቱን የከፈትኩት ሰው ኢሜይል እንዲልክበት፣ የዲቪ ፎርም እንዲሞላበት፣ የሥራ ማመልከቻ እንዲያሳትምበት ነው፤ ጨዋታውን ያመጡብኝ ደንበኞቼ ናቸው። ሙሉጌጥ እባላለሁ። ይህን ቤት እስክከፍት ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ፤ ጣቱን ለቁም ነገር የማያንቀሳቅስ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የማወራውን የሰማ ሰው የጨዋታ ወዳጅ እንዳልመስለው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ አንዲት ደሴት ዳርቻ ላይ ራቁቱን፣ ድንጋይ ብቻ ይዞ ይነቃል። ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ አውሬ ያሳድደዋል። እንጨት ቆርጦ ቤት ይሠራል፣ አድኖ ይበላል። ከአውሬው የሚከፋው ግን ሰው ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከአዳማም፣ ከእኛም ከተማ እስከ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ አንዱ የሌላውን ቤት ሰብሮ የወራት ልፋቱን ይዞበት ይሄዳል። ሁሉም የሚገናኙት አዲስ አበባ ያለ አንድ ተማሪ በከፈተው ኮምፒውተር በኩል ስለሆነ፣ እሱ ማታ ሲያጠፋው ደሴቲቱም ትዘጋለች። ከሁሉ የሚብሰው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ሲወጣ ሰውዬው አብሮት አይወጣም። ባለበት ቦታ ተኝቶ ይቀራል። በሩን ሳይዘጋ የተኛ ሰው አለቀለት።

ሦስቱ ደንበኞቼ አብረው ነበር የሚጫወቱት። ኩማ ባጃጅ ነጂ ነው። አብዱልፈታህ ከአባቱ ጋር ጨርቅ ይሸጣል። ሊድያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አንዱ ያድናል፣ አንዱ ይገነባል፣ አንዱ ይጠብቃል፤ ጩኸታቸው ግን የሦስት ሳይሆን የሠላሳ ሰው ነው። «ኩማ፣ ከኋላህ!» «ሥጋውን ማን በላው?» ሲሞቱ ይስቃሉ፣ ተነስተው እንደገና ይጀምራሉ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በሌለ ሥጋ መጣላት ምን የሚሉት ነው እያልኩ እቆጣቸው ነበር።

በርናባስ ግን ብቻውን ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ፤ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ በቀለሙ ዱቄት እንደጠቆረ ነው። ከሥራ ሲወጣ ይመጣና ግድግዳው ሥር ያለው ሰባት ቁጥር ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ሲሆን «እናቴ ትጠብቀኛለች» ብሎ ይነሳል። ከዚህ ሌላ ስለራሱ ያወራልኝ ነገር የለም። በአራት ወር ውስጥ ኮረብታ ላይ ባለ ሦስት በር የድንጋይ ቤት ሠራ። እያንዳንዷን ድንጋይ ራሱ ፈልፍሎ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ቀና ብሎ ማንንም ሳያናግር። እውነቱን ለመናገር ያ ቤት ያስደንቀኝ ነበር።

ኩማ ሊጋብዘው ያልሞከረበት ቀን የለም። «በርናባስ፣ ከእኛ ጋር ግባ እንጂ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

«ሎሚ አልወድም» ይለዋል።

እኔንም አንድ ቀን «እትዬ ሙሉጌጥ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የሚከዳው የለም» አለኝ።

«የሚቀብረውም የለም» አልኩት። ምላሴ እንዲህ ነው፤ ቀድሞኝ ይሄዳል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የበርናባስ ስልክ ጮኸ። አነሳው። «እናቴ? መቼ ሞተች?» አለ። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። እኔ ሰው ሲነሳ ማሽኑን ከራሴ ጠረጴዛ ሆኜ መዝጋት ልማዴ ነው፤ ጊዜ እንዳይቆጥርበት ብዬ። ሰባት ቁጥርን ዘጋሁት።

«እትዬ ሙሉጌጥ! ምን አደረጉ!» ብሎ ኩማ ብድግ አለ።

በርናባስ በጨዋታው ለአደን ወጥቶ ነበር። ሰውዬው ያለ የሌለ መሣሪያውን፣ የሦስቱንም በሮች ቁልፍ እንደያዘ ሜዳ ላይ ተዘርሮ ተኛ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ መልሰን ልንቀሰቅሰው አንችልም። የተኛን ሰው ከቦታው ማንሳት አይቻልም፤ መግደልና መዝረፍ ግን ማንም ይችላል። እናቱ የሞተችበትን ሰው ያለውንም ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

ኩማ ባጃጁን አስነስቶ ተከተለው፤ አላገኘውም። ቤቱ ታቦር አካባቢ መሆኑን ከመስማት በቀር አንዳችንም አናውቀውም፤ ስልኩም ተዘግቷል። በማግስቱ ኩማ ታቦርን ሲዞር ዋለ። ለቅሶ ቤት የሚፈለገው በድንኳኑ ነውና ድንኳን ያየበት ገባ። አንዱ ጋ ተቀምጦ ንፍሮ ተሰጠው፤ በልቶ ሲጨርስ ነው ሟቹ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ መሆናቸውን የሰማው። ሌላው ጋም እንዲሁ የማያውቀውን ሰው አልቅሶ ተመለሰ። የበርናባስን ቤት ሊያገኘው አይችልም ነበር። ለካስ በርናባስ ማን ይመጣል ብሎ ድንኳን አላስተከለም።

«እንግዲህ መድረስ ካልቻልን» አለች ሊድያ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ «እዚሁ እንትከልለት።»

አብዱልፈታህ የራሳቸውን ቤት አፈረሰው። የሁለት ወር ሥራቸውን ነው የምላችሁ! እንጨቱን ተሸክመው ሜዳው ላይ፣ ልክ ከተኛው ሰው በላይ፣ አራት ማዕዘን ዳስ አቆሙ። ከላይ ቆዳ አለበሱት። መሐሉ ላይ እሳት አነደዱ። ከዚያ በተራ ይጠብቁት ጀመር፤ አንዱ ሥራ ሲሄድ ሌላው ይገባል። ሒሳብ እንደማልቀበላቸው ለመናገር እንኳ አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ሥራ ነበራቸው። ስለዚህ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በኩማ ስም ገብቼ፣ ጦር ይዤ ደሴት ላይ ቆምኩ። መራመድ እንኳ በቅጡ አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተላተምኩ። ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ሆነው መጡ። ጭንብል አጥልቀው የሚዞሩ፣ ደሴቲቱ በሙሉ የምትፈራቸው የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ጠመንጃቸውን አነጣጥረው ዳሱን ከበቡት። ጦሬን መወርወር አላውቅም። መጻፍ ግን አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ! በዚያ በላቲን ፊደል በሚጽፉት አማርኛቸው «ለቅሶ ነው። ይህ ሰው እናቱ ሞታበት ነው የተኛው» አልኳቸው።

ማንም አልተነቃነቀም። እውነተኛ ጠመንጃ የተደገነብኝ ይመስል ወንበሬ ላይ ጎንበስ አልኩ።

አለቃቸው ጠመንጃውን መሬት ላይ ጣለው። ጭንብሉን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈና ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አራቱም ተከትለው ተቀመጡ። እኔ ግማሽ ሰዓት ያህል አየኋቸው። ፊታቸውን የማላውቅ፣ ስማቸው የውሸት የሆነ፣ ሥራቸው ዝርፊያ የነበረ ልጆች ለቅሶ ተቀመጡልኝ። ሲሄዱ ሁለቱ ማገዶ ትተው ሄዱ።

ወሬው ተሰማ። እሑድ ዕለት ከአዳማ መጡ። ሥጋ ያመጣ አለ፣ ውኃ ያመጣ አለ፤ ዳሱ ጠቦ በጎን ሌላ ቀጠሉበት። ገና የጀመረ፣ ድንጋይ ብቻ የያዘ አንድ ራቁት ሰው ሳይቀር መጥቶ ድንጋዩን አስቀመጠና ተቀመጠ። ሊድያ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች። ስንቆጥር ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። አንድም ሰው አልተገደለም፣ አንድም ቤት አልተሰበረም። እኔ ይህን ዓለም ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በርናባስ ጃኬቱን ሊወስድ መጣ። ፂሙ አድጓል። ተነስቼ አቀፍኩት፤ እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ።

«ሰው መጣላችሁ?» አልኩት።

«ከቤተ ክርስቲያን አምስት ሰዎች መጡ። ቀብረን ተመለስን።» ጃኬቱን አነሳና፣ «አላለቀስኩም እትዬ ሙሉጌጥ። እምቢ አለኝ። ሰው ሲመጣ ነው መሰለኝ የሚለቀሰው» አለ።

«ና፣ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጥ።»

«ምን ቀርቶልኝ? ሜዳ ላይ ነበርኩ።»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ከፈትኩለት። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ። ከላዩ ጣሪያ አለ፣ ከጎኑ እሳት ይነዳል፣ ዙሪያውን ሰው ተቀምጧል። በርናባስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ ሊሰርቁት የመጡ መስሎት መሣሪያውን ፈለገ፤ ሁሉም እንዳለ ነው። በዚያ ሰዓት የተቀመጡት ሁሉ አንድ በአንድ ተነስተው ቆሙለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለቅሶ የመጡ ሰዎች ናቸው» አልኩት።

ያ የአዲስ አበባው አለቃ ጻፈ። «ወንድም፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እናታችን ስማቸው ማን ነበር?»

በርናባስ እጆቹን የኪቦርዱ ቁልፎች ላይ አሳረፈ። ከዚያ በዚያ በጠቆረ ጣቱ አንድ በአንድ እየለቀመ ጻፈ። «አባይነሽ ኩርሳ። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ።»

ስክሪኑ ሞላ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እማማ አባይነሽ። አላህ ይዘንላቸው፣ እማማ አባይነሽ። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ የአባይነሽ ልጅ። አንዱ ሳይነበብ ሌላው ይገፋዋል፤ ስሟ ከታች እየተነሳ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደገና ከታች ይነሳል።

«እማዬ!» አለ በርናባስ። በሕይወቴ ያን ያህል ድምፅ ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እየጮኸ አለቀሰ። ኩማ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ያዘው፤ ሊድያ አጠገቡ ተንበርክካ አብራው አለቀሰች፤ አብዱልፈታህ ወንበሮቹን ዙሪያውን መደርደር ጀመረ።

አንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንባዬን ጠርጌ ወጣሁ።

«ዛሬ አንሠራም» አልኩት። «ለቅሶ ላይ ነን።»