ገና ያልበረደ ሹራብ

የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ በሩን ለሕዝብ በሚከፍትበት ቅዳሜ ሁሉ ጥቁር የለበሱት ሴትዮ አይቀሩም። ተራቸው ሲደርስ "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ አልቸኩልም" እያሉ ሰዉን ያሳልፋሉ፤ ሰልፍ የያዙት ለሌላ ሰው ይመስላል። ካፖርታቸው ሥር አንድ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

መምህሩ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ያሳያል። ሰው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ሲያነሳ፣ የጣቶቹ ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ቀልቶ ይቆይና ቀስ እያለ ይጠፋል።

ዛሬ ሰዉ ሲያልቅ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ሰው ከሄደ በኋላ ሙቀቱ ምን ያህል ይቆያል?"

"ብዙም አይቆይም፣ እናቴ። ደቂቃም አይሞላም።"

የሰሙት አይመስሉም። ክርኑ የተጣፈ የጎረምሳ ሹራብ ከካፖርታቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ስክሪኑ ላይ የሹራቡ ደረት እንደ ፍም ቀላ።

"የልጄ ነው" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ዓመት አለፈው፣ እርሺው ይሉኛል። ገና መች በረደ!"

መምህሩ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ሲያርም ነው የዋለው። ሙቀቱ የራሳቸው የደረታቸው መሆኑን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ቅላቱ ግን መደብዘዝ ጀምሯል፤ እሳቸውም አይተውታል። ሹራቡን ላፍ አድርገው ወደ ደረታቸው መለሱት።

"በቃ" አሉ ካፖርታቸውን እየቆለፉ፣ "እንዳይበርደው።"