መከታን ያስፈሰኩት ጎረቤቶቼ

ይህ ነገር የገጠመኝ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ብዙም ሳይቆይ፣ ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ነው። ሰው «እርሺው እንጂ፣ ውሻ እኮ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የምቆጣው ሰው ማጣቴ ነው።

አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔም ትዳሬ ፈርሶ ወደ እሳቸው ተመልሼ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። አባቴ ጎህ ሲቀድ ለኪዳን ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ጅብም አይጠፋበትም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸውም እንደዚያው። ከፊት ከፊታቸው የሚሄደው ውሻችን መከታ ነበር። ከቅጥሩ በር ሲደርስ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃልና ውጭ ይተኛል፤ ሲወጡ ተነስቶ ይመልሳቸዋል። እኔ ልከተል ስል «መከታ አለኝ» ይላሉ፤ በቃ፣ ወሬው ያልቃል።

መከታ ወፍራም ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነ ቤት ውሻ ምን ይጎድለዋል? ማኅበር ሲበላ፣ ዝክር ሲዘከር፣ ሰንበቴ ሲደርስ የተረፈው ሁሉ ወደ እሱ ነው። ጠላ በተጠመቀ ቁጥር አተላውን ከላሟ ጋር ይሻማል። ይህን አይቶ የሚከፋው ሰው አልነበረም። እንዲያውም «የቄሱን ውሻ ያየ የቤቱን በረከት ያውቃል» ይሉን ነበር። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ግን መከታ ሲነሳ ማቃሰት ጀመረ። የኋላ እግሮቹ እንደ ደረቀ እንጨት ይገተራሉ። ፀሐይ ሲሞቀው ትንሽ ይፍታታል፤ ብርድ ሲሆን መልሶ ይይዘዋል። አንድ ማለዳ ጭራሽ መነሳት አቃተው። አባቴ ብቻቸውን ወረዱና ከቁልቁለቱ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ። ደሙን እያጠብኩላቸው «ከነገ ጀምሮ አብሬዎት እሄዳለሁ» ብላቸው «መከታ ይድናል» አሉ። እንግዲህ መዳኑ የእኔ ሥራ ሆነ።

መካሪ መቼም አይጠፋም። መጀመሪያ የመጣው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሞላ ነው። እሱ ዘንድ ላበጠ አንጓ ሁሉ መድኃኒቱ መተኮስ ነው፤ ለበሬም፣ ለበቅሎም፣ ለሰውም። ማጭዱን ምድጃ ውስጥ ከትቶ ሲያግል ደረስኩበት።

«ሁለት ቦታ ጫር ባደርግለት እኮ እንደ ሚዳቋ ይፈናጠራል» አለኝ።

«መጀመሪያ የራስህን ጉልበት ጫር አድርገውና ስትፈናጠር ልይህ» አልኩት። ተቀይሞ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጠም።

የገበያው ቀን ሲደርስ አህያዋ ላይ ገለባ አንጥፌ፣ መከታን በገመድ ጠፍሬ ጫንኩትና ወደ አርብ ገበያ ወጣሁ። ውሻ በአህያ ሲሄድ አይቶ የማያውቅ የገበያ ሰው ሥራውን ትቶ ያየኝ ጀመር። አንዱ «ይሸጣል?» ይለኛል፤ ሌላው «አህያዋ ስትደክም ደግሞ እሱ ይሸከማታል?» ይላል። ከንፈሬን ነክሼ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ደረስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። በሬዎቹን ሲጨርስ መከታን አስተኝቶ ዳሌውንና ጉልበቱን እያጠፈ እየዘረጋ አየው። መከታ አቃሰተ እንጂ አልነከሰውም።

«እርጅና ነው፤ መገጣጠሚያው አልቋል» አለኝ። «ወደ ድሮው አይመለስም። ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል።»

«እሺ፣ መድኃኒቱን ስጠኝ።»

«ለውሻ የሚሆን የለኝም። የሰው ክኒን ደግሞ እንዳትሰጪው፤ ሆዱን አድምቶ ይገድለዋል። መድኃኒቱ መክሳቱ ነው። ይህን ሁሉ ሥጋ በታመመ እግር ተሸክሞ እንዴት ይቆማል? ምግቡን ቀንሺለት። ደረቅና ሙቅ ቦታ ይተኛ። በየቀኑ ለስላሳ መሬት ላይ ትንሽ ትንሽ ይራመድ።»

ያን ሁሉ መንገድ የገበያ መሳቂያ ሆኜ የሄድኩት «ይክሳ» ለመባል ነው። እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ። ያም ሆኖ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። ከምድጃው አጠገብ ገለባ ጎዝጉዤ አሮጌ ደበሎ ጣልኩለት። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክሬ ዳሌውን አሸዋለሁ፤ ሲፍታታ አውድማው ላይ አዞረዋለሁ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ምግቡ ግን አስለቀሰኝ።

እኔ ስቀንስ ሌላው ይጨምራል። የማኅበር ሴቶች አጥንቱን በነጠላቸው ደብቀው ያመጡለታል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በአጥሩ ሽንቁር እንጀራ ስታቀብለው እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። «ዓይኑ አሳዝኖኝ ነው» አለች። አባቴም ከፊታቸው ፍጥረት እየተመለከታቸው መጉረስ አይችሉም፤ አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ለመከታ ነው። መንደሩ ውስጥ «እናቷ ስትሞት የቤቱም እጅ አብሮ ሞተ፤ ውሻ ታስርባለች» ተባልኩ። ሠርቶ አደር ሰው በገዛ ቤቱ ንፉግ ሲባል ምን ይሰማዋል? መከታ እንደሆነ አንዲት ሙዳ አልቀነሰም።

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዓቢይ ጾም ገባ። ማኅበሩም ድግሱም ቆመ። አባቴ ቅዳሴ ሲወጡ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚቀምሱት። ታዲያ አንድ ቀን «መከታም ከእኔ ጋር ይቅመስ» አሉ። እህል የሚያየው በቀን አንዴ ሆነ፤ እሱም ትንሽ እንጀራ በሽሮ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ፤ የቄሱ ውሻ ይጾማል!

የዚያን ጊዜ መናደዴን አልረሳውም። ያው ውሻ፣ ያው ትንሽ ምግብ ነው። እኔ ስቀንስ ጭካኔ የነበረው አባቴ ሲቀንሱ ጽድቅ ሆነ። እትዬ ዘነቡ ሽንቁሯን ራሷ ደፈነች። አጥንት የሚወረውር ቀርቶ ፊቱ የሚያላምጥ ሰው ጠፋ። ቢሆንም ነገሩ ስለጠቀመኝ አፌን ዘጋሁ። የመከታ የጎን አጥንት እየተለየ መጣ። መጀመሪያ ሳያቃስት ተነሳ። ቀጥሎ አውድማውን በራሱ ዞረ። በሆሳዕና ማለዳ አባቴ ቁልቁለቱን ሲወርዱ መከታ ከፊታቸው ነበር። እያነከሰም ቢሆን እስከ ቅጥሩ በር ደረሰ። በራፋችን ላይ ቆሜ እያየሁ በደስታ አለቀስኩ።

እህቴ የተዳረችው ሲማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ነው። አራስ ስለነበረች የፋሲካ ዋዜማ ወደ እሷ ሄድኩ። «አባ፣ የመከታን ነገር አደራ» ብያቸው ነው የወጣሁት። «አታስቢ ልጄ» አሉኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስመለስ መከታ ከደጃፉ ላይ ተዘርግቷል። ሆዱ እንደ ጋን ተነፍቷል። ሲያየኝ ጭራውን መሬት ላይ አማታ እንጂ አልተነሳም።

ጉድ ነው መቼም! ጾሙን ሙሉ የጾመ እንዴት ሳይፈስክ ይቀራል? መንደሩ በሙሉ አስፈሰከው። ከየቤቱ ጮማ፣ የዶሮ አጥንት፣ ዳቦ በቅቤ ተላከለት። አጎቴ ሞላ እንኳ ቂሙን ረስቶ የበግ ጎድን ይዞ መጥቷል። ሳምንቱን በሙሉ ሲያበሉት ከርመው እግሩ ከበደው።

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ዕለት ጮኽኩ። «ገደሉት እኮ! ለእርስዎ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የለፋሁት! ዛሬውኑ ምግቡ ይቀነስ!»

አንገታቸውን ደፉ። «በዓለ ሃምሳ ነው ልጄ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እኔ ቄስ ሆኜ በቤቴ ጾም ላስገባ?»

«ጾም መች አልኩ? ትንሽ ይብላ ነው ያልኩት!»

«ሕዝቡ ጾም ብሎታላ። አትቆጪያቸው። እኔንም ጉልበቴን ሲያመኝ መጥተው ‹ብሉ› ነው የሚሉኝ። ሌላ ምን ያውቃሉ?»

በዓለ ሃምሳውን በሙሉ ሰው እያባረርኩ፣ አጥር እየጠበቅሁ፣ ከሁሉም ጋር ተኮራረፍኩ። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ክረምቱም አብሮ ገባ፤ ብርዱ ቀድሞኛል። አንድ ማለዳ አባቴ መቋሚያቸውን ሲያነሱ መከታ የፊት እግሮቹን አቆመ። የኋላዎቹ ግን አልታዘዙትም። እየተጎተተ እስከ በሩ ደፍ ደረሰና እዚያው ቀረ። አባቴ ጎንበስ ብለው ራሱን ዳሰሱት። «ተኛ» አሉትና ብቻቸውን ወጡ። ነጠላዬን ደርቤ ሮጬ ቀደምኳቸው። ያን ጊዜ አልከለከሉኝም።

መከታ በነሐሴ ሞተ። ጎረቤት እኔን ሊያጽናና መጣ። እትዬ ዘነቡ አቅፋኝ እያለቀሰች «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ያ ጾም ነው አጥንቱን ያደረቀው» አለችኝ። ከእቅፏ ሳልወጣ ጥርሴን ነከስኩ።

እነሆ እስከ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከአባቴ ፊት የምወርደው እኔ ነኝ። መንገዱ አድካሚ ነውና ከስቻለሁ። የሰንበቴ ሴቶች ከበሩ ላይ ሲያገኙኝ «ምነው እንዲህ አለቅሽ? ብዪ እንጂ!» እያሉ ዳቦ በእጄ ያስጨብጡኛል። አልበላም ብዬ ልወረውረው ይቃጣኛል። ዳቦው ግን ትኩስ ነው፤ እዚያው ቆሜ እበላዋለሁ፤ ይጣፍጣልም። ይህም ያናድደኛል።