የባቡር ጣቢያው ኃላፊና የዙሪኩ ሰው

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ይዞ ፊቴ የቆመ አስተማሪ የለም። ይሁን እንጂ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ጄኔቫ ውስጥ፣ ለ ሊኞን በተባለው ሰፈር፣ የአራት መግቢያዎች ኮንሲየርዥ፣ ማለትም የሕንፃ ጠባቂ፣ ነበርኩ። ለ ሊኞን ሮን ወንዝ አጠገብ የተጋደመ አንድ ረጅም ሕንፃ ነው፤ ነዋሪው ከአንድ ወረዳ ከተማ ሕዝብ አያንስም። የደረጃው ጽዳት፣ የተቃጠለው አምፖል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተራ፣ በተራው የተጣላው ጎረቤት፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነበር። በእኔ ዘመን በልብስ ማጠቢያ ተራ ፖሊስ ተጠርቶ አያውቅም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እንዲህ ብሎ መናገር አይችልም።

ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ የወረቀት መጣያው ክፍል ነው። ነዋሪዎቹ ያነበቡትን ጋዜጣ እዚያ ይጥላሉ፣ እኔ አንስቼ አነባለሁ። መዝገበ ቃላቴንም ያገኘሁት እዚያው ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር ከቲ ፊደል ጀምሮ ያለው አልነበረውም። በኋላ እንደተረዳሁት መግደል፣ መክዳት፣ ስርቆት፣ በቀልና እውነት የሚባሉት የፈረንሳይኛ ቃላት በሙሉ የነበሩት በእነዚያ በጎደሉት ገጾች ላይ ነው። እነሱን ከቴሌቪዥን ተማርኳቸው።

የቪዲዮ መቅረጫንም ምስጢር ያለ አስተማሪ ፈታሁት። ማሽኑ ሰው ቤት በሌለበት በሰዓቱ ተነስቶ እንዲቀርጽ ማድረግ ያን ጊዜ ለብዙ ሰው ከባድ ነገር ነበር። ሁለት የስዊስ መሐንዲሶች በሬን አንኳኩተው አሳየን ብለውኛል። አሳይቻቸዋለሁ።

ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ማሽን ነው። አርብ አርብ ሳምንታዊ የምርመራ ፊልም ይታይ ነበር። እኔ እቀርጸዋለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዲፕሎማት ቤት ሠራተኞች የሆኑ እህቶቻችን እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። ፈረንሳይኛው ይፈጥንባቸዋል። እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ፣ አንዳንዴም ካሴቱን እያቆምኩ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት አንድ ቀን ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ትቀራለች። ሬሳ የለም፣ ደብዳቤ የለም። መርማሪው ሐኪሙንም እህቷንም ይጠረጥራል፤ ከሁሉ አብልጦ ግን የባቡር ጣቢያውን ኃላፊ ይጠረጥራል። ይህ ዝምተኛ፣ ኮፍያውን የማያወልቅ፣ ጢሙን አሳምሮ የሚከረክም ሰው ነው። ፊልሙ አሥራ ስድስት ክፍል ነበረው።

በእኔ አማርኛ የጣቢያው ኃላፊ ትልቅ ሰው ሆነ። በፈረንሳይኛው «ደህና ዋሉ» ብሏት ካለፈ፣ እኔ «ደህና ዋሉ እመቤቴ፤ እርስዎ ያልመጡበት ቀን ባቡሩ የሚቆም አይመስለኝም» አስብለዋለሁ። ይህን ውሸት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ የተረጎምኩት የሰውየውን ዓይን ነው።

ከአድማጮቼ መካከል ሐይቁ ዳር ባለ የአንድ ዲፕሎማት ቤት በወጥ ቤትነት የምትሠራ ሴት ነበረች። ረጋ ያለች ናት፤ ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የጣቢያው ኃላፊ በመጣ ቁጥር ፊልሙን ትታ እኔን ታየኛለች። ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አሥራ ስድስተኛው ክፍል በሚያልቅበት እሑድ እንድታገባኝ ልጠይቃት ለራሴ ቃል ገባሁ። ለምን ያንን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ፊልሙ ካለቀ እሑድ እሑድ የሚያመጣት ሌላ ምክንያት እንደማይኖር ስለገባኝ ይሆናል።

የዙሪኩ ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጄኔቫ አጠገብ ሜራን በተባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት ጡረተኛ አሮጊት አብረውን ያዩ ነበር፤ እሱ የወንድማቸው ልጅ ነው። ኦፕፊኮን ውስጥ፣ ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አክስቱን ለማየት በባቡር ይመጣል። ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ ፀጉሩ ሙሉ ነው፤ ሆቴሉ የሰጠው ጥቁር ሱፍ ልክ ለእሱ የተሰፋ ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሯል፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነገረን፣ እኔ ግን በየጊዜው እሰማው ነበር። ያንኑ ፊልም እሱ የሚያየው በጀርመንኛ ነው። ዙሪኮች ደግሞ በአራት ሳምንት ይቀድሙን ነበር።

አሥራ ሁለተኛው እሑድ ላይ የጣቢያው ኃላፊ ለመድኃኒት ቤቷ ሴት እህት ትኬት ሲቆርጥ፣ እኔም የሚገባውን ንግግር ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ የዙሪኩ ሰው፣ «ሰውየው 'ሦስተኛው ሐዲድ' ብቻ ነው ያላት።»

«በጀርመንኛ ይሆናላ» አልኩት።

«በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን አፉ ሁለት ጊዜ ነው የተከፈተው። እርስዎ ግን ሙሉ ስብከት አሰበኩት!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እማማ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወጥ ቤቷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የሚያልቀው?» አለው አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አልናገርም። እሷም ሐሙስ ስትደውልልኝ ለምና ለምና አቅቷታል» ብሎ ወደ ወጥ ቤቷ በአገጩ አመለከተ።

ሐሙስ ስትደውልልኝ። ሌላው ሁሉ በሳቁ ውስጥ አለፈ፤ ይህች ቃል ግን እኔ ላይ ቀረች። ወጥ ቤቷ አቀርቅራ የቀሚሷን ጫፍ ታስተካክል ነበር።

ቅናት ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ አምፖሉንም ደረጃውንም ትቼ የዙሪክ ባቡር ላይ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ላቮ በተባለው አገር ያለውን የወይን እርሻ ሽቅብ ስንወጣ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ያያል፤ እኔ የማየው እሷ ስልክ ቤት ገብታ ካርዷን ስታስገባ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴሉ በእግሬ ሄድኩ፤ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ገብቼ ከአንድ ትልቅ አበባ ማሰሮ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የዙሪኩ ሰው አንስቶ በጀርመንኛ ጀመረና ወዲያው በአማርኛ ሳቀ።

«በቃ አሸነፍሽኝ» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ነገራት። ከዚያ ደግሞ፣ «እሱ ታዲያ ምን የሚል ይመስልሻል?» አለና መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለመውጣት ስነሳ አየኝ። «ጋሼ! እንዴት መጡ?» ብሎ እየሮጠ መጣ። ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኩት። ምሳ ካልበሉ አልለቅዎትም ብሎ ወደ ሠራተኞች መመገቢያ ወሰደኝ፣ ሥጋውን ራሱ ቆረጠልኝ፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ጥሩ ሰው መሆኑ እስከ ለ ሊኞን ድረስ ሲያንገበግበኝ ሄድኩ።

በባቡሩ ውስጥ ቆረጥኩ። የመጨረሻውን ክፍል ቃል በቃል እተረጉማለሁ፤ የተማረ ሰው እንከን የማያገኝለት ሥራ እሠራለሁ። ካሴቱን ቅዳሜ አምስት ጊዜ አየሁት። ከአንድ ነዋሪ ገጹ ያልጎደለ መዝገበ ቃላት ተውሼ እያንዳንዱን ቃል ፈተሽኩ።

እሑድ ሁሉም ተሰብስበዋል፤ የዙሪኩ ሰውም መጥቷል። እኔም ተረጎምኩ። ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ በአሥራ አምስቱ ክፍል አንድም ጊዜ ያልታየ፣ ግራጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ይመጣል። መርማሪው ፊት ይቀመጣል። ያለቅሳል። «እኔ ነኝ። ሐይቅ ውስጥ ጣልኳት» ይላል። የጣቢያው ኃላፊ በመጨረሻ ባዶ ሐዲድ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ አንድም ቃል አይናገርም። እኔም አንድም ቃል አልጨመርኩም።

እማማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ እማማ።

«ገዳዩ ነው።»

«የት ነበር እስከ ዛሬ?»

«አልነበረም፣ እማማ።»

«ታዲያ አሥራ ስድስት እሑድ ለማን ነው የተጨነቅነው? ላልነበረ ሰው?»

ጫጫታው ተነሳ። የዙሪኩ ሰው፣ መጨረሻው ከተበላሸ ፊልሙ በሙሉ ተበላሸ፣ እኔ እንዲያውም ካሴት ቢኖረኝ እጥለው ነበር አለ። አንዷ ሞግዚት ደግሞ፣ እኔ ሰኞ ሰኞ ሕፃኑን ስጠብቅ በሐሳቤ ማን ይሆን እያልኩ ነው ሳምንቱን የገፋሁት፣ ያንን ማን ይወስድብኛል አለችው። እኔ አልተከራከርኩም። እሱ አንድ እንኳ እርማት እንዳላገኘብኝ እየቆጠርኩ ነበር። ወጥ ቤቷን ስፈልግ ወንበሯ ባዶ ነው።

አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ደረስኩባት።

«ዛሬ አሞዎታል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ? ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት።»

«አውቃለሁ። ፈረንሳይኛ እሰማለሁ እኮ።»

ደነገጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠኝ ዓመት በፈረንሳይኛ እየታዘዝኩ ምን ልሁን? አርብ አርብ ሳህን እያደረቅኩ ፊልሙን ከኩሽና እሰማው ነበር። እሑድ የምመጣው የእርስዎን ልሰማ ነው።»

ይህን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «የእኔን ከፈለግሽ ሐሙስ ሐሙስ ዙሪክ ምን ያስደውልሻል?»

አየችኝ። «መጨረሻውን ቀድሜ ካወቅሁ፣ ጋሼ ይህንን እንዴት ያደርጉት ይሆን እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ አስባለሁ። እሱም ይገምታል፣ እኔም እገምታለሁ። ያን የኢንሹራንስ ሰውዬ ምን ያደርጉት ይሆን ብለን ስንት ስቀናል! እርስዎ ግን ዝም ብለው ገዳይ አደረጉት።» አውቶቡሱ መጣና ገባች።

ያንን ሳምንት ደረጃ ስጠርግ፣ አምፖል ስቀይር፣ የጣቢያውን ኃላፊ እያሰብኩ ነበር። ሰውየውን አሥራ አምስት እሑድ አሳድጌ፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ ለአንድ ባለ ሱፍ ስል ሜዳ ላይ ጣልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ማንንም አልጠበቅሁም። በሩ ሲንኳኳ እማማ፣ ሞግዚቶቹ፣ ተራው ያልሆነው የዙሪኩ ሰው፣ ከኋላ ደግሞ እሷ። ሄዳ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «ካሴቱን ወደ ኋላ ይመልሱት» አለች።

መለስኩት። ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ገብቶ መርማሪው ፊት ሲቀመጥ፣ «ይህ ሰው መልእክተኛ ነው» አልኩ። «የመድኃኒት ቤቷ ሴት በሕይወት አለች። ከዚህች ከተማ ለመሄድ ወስና፣ በጠዋቱ ባቡር ሄደች። ትኬቱን የቆረጠላት የጣቢያው ኃላፊ ነው። አትንገርብኝ ስላለችው፣ አሥራ ስድስት ሳምንት ነፍሰ ገዳይ ሲባል ዝም አለ። ይሄ ሰው የሚያለቅሰው ይህንን አሁን ስለሰማ ነው።» በመጨረሻም የጣቢያው ኃላፊ በባዶው ሐዲድ አጠገብ ብቻውን ሲቆም፣ «የት እንዳለች እሱ ብቻ ያውቃል። አልተከተላትም። ትመለስ እንደሆነ ብሎ ግን በየቀኑ ሦስተኛው ሐዲድ ላይ ይቆማል» አልኩ።

እማማ አለቀሱ። የዙሪኩ ሰው ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ካሴቱን አልጥለውም» አለ። በዚህም ቀናሁ፤ መሸነፍን እንኳ ከእኔ የተሻለ ያውቅበታል።

ሌሎቹ ኮታቸውን ሲለብሱ ጠየቅኋት። «ሐሙስ ሐሙስ መደወሌን አልተውም» አለችኝ።

«አትተዪ» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

መጨረሻ ፊልም ያበላሻል ወይስ አያበላሽም የሚለውን ክርክር እሷና የዙሪኩ ሰው አሁንም በስልክ ይጫወቱታል። እኔ መልሴን ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ሰጥቻለሁና፣ ይልቅ በሕይወቴ የቻልኩትን ጽፌ ላቁም።

ፈረንሳይኛን ከቆሻሻ ወረቀት ተማርኩ፤ ከቲ ጀምሮ ያለውን ከቴሌቪዥን።

ለሁለት መሐንዲሶች የቪዲዮ መቅረጫ አስተማርኩ።

የልብስ ማጠቢያ ተራን ያለ ፖሊስ አስከበርኩ።

አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊን ከሐሜት ነፃ አወጣሁ።

ያችን ወጥ ቤት አገባሁ፤ በሁለት ዓመቱ፣ በሦስተኛው ጥያቄ። ሚዜዬ የዙሪኩ ሰው ነበር። ከሙሽራው የተሻለ ሱፍ ለብሶ መጣ።

ጀርመንኛም ጀምሬ ነበር፤ የሚሳሳቁበትን ለመስማት ግን አልጠቀመኝም፣ በአማርኛ ነው የሚሳሳቁት።

ሐሙስ ሐሙስ አሁን የሚደውለው እሱ ነው፤ ስልኩ ሲጮህ ቀድሜ የማነሳው እኔ ነኝ።