የዓርብ ባል

ካርቱም ውስጥ አንድ ዓመት ያህል የዓርብ ባል ነበርኩ። ባለቤቴ አርካዊት በሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ምግብ ታበስል ነበር፤ የምታድረውም እዚያው ነው። እኔ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም እቀባለሁ፤ ማታ ማታ ድልድዩን ተሻግሬ ጀሪፍ ወደተከራየናት አንዲት ክፍል እመለሳለሁ። የሁለታችንም የዕረፍት ቀን ዓርብ ናት። ረፋዱ ላይ በረክሻ፣ በእኛ አነጋገር በባጃጅ፣ ትመጣለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሌላ ረክሻ ትመለሳለች። ጓደኞቼ "አንተ ሚስት ነው ያለህ ወይስ ጠያቂ?" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

መሄዷን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አመጣጧን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ስታበስል ሰንብታ፣ ገና ከበሩ ስትገባ "ምን በልተህ ሰነበትክ?" ትልና እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች። እኔ ደግሞ አልጋው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ባደግኩበት ቤት ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ መሳቂያ ነው፤ አባቴ ውሃ እንኳ ራሱ ቀድቶ ሲጠጣ አላየሁም። አንድ ዓርብ እንዲሁ እየከተፈች ስለ ማዳሟ ግብዣ ታወራኛለች። "ክሬም ካራሚል የሚሉት ጣፋጭ አለ፤ ወተትና እንቁላል ሆኖ ከላዩ የተቃጠለ ስኳር ይፈስበታል። ስንቱን ሠራሁ! ተቀምጬ የበላሁበት ቀን ግን የለም" አለች እየሳቀች። እሷ የሳቀችበት ነገር እኔን ሲያብከነክነኝ ሰነበተ።

የዶሃው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ረመዳን ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ደወለችልኝ። አሠሪዎቿ ከረመዳን በኋላ ጠቅልለው ዶሃ ሊገቡ ነው፤ እሷንም ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ቪዛው እንዲጀመርላት ፓስፖርቷን ቅዳሜ ጠዋት መስጠት አለባት። ከሄደች ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው።

"አንተ ምን ትላለህ?" አለችኝ።

"እንደፈለግሽ" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ሆዴ "አትሂጂ" እያለ ይጮኻል። ግን ነገ ተነገ ወዲያ "አንተ ነህ ያስቀረኸኝ" ብትለኝስ? ደግሞ ኩራትም አለ፤ ሚስቴን እኔ ዘንድ ቅሪ ብዬ ልለምን? "እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። እሺታዋ እሺ አልመስል አለኝ። ስብሰለሰል ሰንብቼ በመጨረሻ፣ አፌን ያቃተውን እጄ ይናገርልኝ ብዬ ቆረጥኩ። መልሼ ደውዬ "የፊታችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነይ። እራት እኔ ነኝ የምሠራው፤ አንቺ ምንም አትነኪም" አልኳት። የቀለም ሽታ ናላዬን ያዞረው መስሏት "ደኅና ነህ?" አለችኝ።

ክሬም ካራሚሉን ሐሙስ ከሥራ መልስ ጀመርኩት። አስተማሪዬ አከራያችን፣ ሱዳናዊቷ ሐጃ ናቸው፤ በግቢው ውስጥ ፍሪጅ ያላቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ለሚስትህ? አንተ ራስህ?" ብለው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያ በርጩማቸውን ስበው ምድጃዬ አጠገብ ተቀመጡና ማዘዝ ጀመሩ። ስኳሩን ጥጄ እሳቱን ለቀቅኩበት፤ ዞር ብዬ እንቁላል ስሰብር ጠቁሮ ጨሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። "ያ ወለዲ፣ ሽወያ ሽወያ!" አሉኝ፤ ቀስ በል ልጄ፣ ማለታቸው ነው። ከሁለተኛው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቢጫ ሆነ፣ ወርቅማ ሆነ፣ ወደ ቡኒ ሲያዘነብል ሐጃ ሳይነግሩኝ አወረድኩት። መቼም ቀለም የእኔ ሙያ ነው። ወተቱን ከእንቁላልና ከቫኒላ ጋር መትቼ ስኳሩ ላይ አፈሰስኩት፤ ዕቃውንም ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት። ሐጃ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ጠቀለሉት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ከተንጠባጠበበት ፊቱ ይበሳሳል አሉኝ። ሲበስል ጫፉን ነካ አደረግኩት፤ ተንቀጠቀጠ። የእሳቸው ፍሪጅ ውስጥ አደረ።

ዓርብ ጠዋት የበግ ሥጋ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ በዚያ አናት በሚበሳ ሙቀት ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከአገር ቤት ከተላከልን ቅቤ ጋር እያገላበጥኩ ጠበስኩት። ላቤ ጠብ ጠብ እያለ እዘፍን ነበር። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጨርቅ ዘረጋሁ፤ እንደ ማዳም ቤት ይሁን ብዬም ሁለት ሳህን ደረደርኩ። ሐጃ ክሬም ካራሚሉን ይዘውልኝ ሲመጡ አዩና "ለሁለት ሰው ሁለት ሳህን? ተጣልታችኋል እንዴ?" አሉኝ። ሳህኖቹን አንስቼ አንድ ትሪ አደረግኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። ጥብሱን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ መሀል ላይ የተቀመጠውን ክሬም ካራሚል ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አንተ ነህ የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ። ቁጭ በይ።"

አልተቀመጠችም። "ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

"አዎ ዓርብ ነው፤ ለዚያ አይደል የመጣሽው?"

"ያ ዙል! አንተ ሰውዬ፣ ሃምሳው እኮ ባለፈው እሑድ ወጣ" አለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፋሲካ ከዋለ ጀምሮ ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ እነዚያን ዓርቦች ሁሉ ሥጋ ስንበላ ነው የከረምነው። ካርቱም ደግሞ ዓርብ የከተማው ሁሉ የሥጋ ቀን ነው። እኔ ጰራቅሊጦስ ይምጣ ይሂድ ሳላውቅ፣ ለጾመኛ ሚስቴ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አሰልፌ ጠበቅኳት። አንድም የሚጾም ነገር አልቀረኝ!

እኔ ስናደድ አያምርብኝም። "እንግዲህ ለሐጃ ይሰጥ!" ብዬ ትሪውን ብድግ አደረግኩት።

"አስቀምጥ! የእኔን ክሬም ካራሚል ማንም አይነካውም" አለችና ሳቋ አመለጣት፤ አልጋው ላይ ወደቀች። ስትስቅ ሳያት የእኔም ንዴት በረደ። ከዚያ ልማዷ ሆኖ ብድግ ብላ ወደ ምድጃው ስታመራ ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። እራት እኔ እሠራለሁ ብያለሁ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። ሥጋውንና ጣፋጩን ሐጃ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ፣ ከጥጉ ሱቅ ፉልና ዳቦ ይዤ መጣሁ። ፉሉን ጨፍልቄ፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሼበት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ከተፍኩበት። እሷ እግሯን ሰብስባ፣ ማራገቢያው ፀጉሯን እየበተነው፣ ቢላ አያያዜን ትተቻለች።

ከአንድ ትሪ በላን። አጎረስኳት፤ አጎረሰችኝ። ሌላ ሰው ያበሰለውን ቁጭ ብላ ስትበላ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ደስ አለኝ። ትሪው ሲያልቅ ውጭው ደብዘዝ ብሎ ነበር። ሻሿን ማሰር ጀመረች።

"ክሬም ካራሚሉ እስከ ነገ ይቆያል?" አለችኝ።

"እሱስ ይቆያል። የማትቆዪው አንቺ ነሽ።"

እጇ ሻሹ ላይ ቀረ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ካርቱም ብቅል ክልክል ነው፤ የእኔን ያወጣው ፉል ነው። "አትሂጂብኝ" አልኳት።

"የት? አርካዊት ወይስ ዶሃ?"

"ሁለቱም ጋ። ሰኞ ዕለት እንደፈለግሽ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እባክሽ አትሂጂ።"

ስልኳን አወጣችና "ማዳም፣ ዛሬ አልመጣም፤ ቡክራ ኢንሻአላህ" ብላ ዘጋች። ነገ እመጣለሁ ማለቷ ነው። ስለ ዶሃ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ልጠይቃት ፈራሁ። እሷ ተኛች፤ እኔ ጣራ ሳይ አደርኩ።

ጠዋት ቁርስ ብዬ ሥጋውን ሳሞቅ እሷ ከሐጃ ቤት ክሬም ካራሚሉን ይዛ መጣች፤ ሳህን ሳትጠይቅ ከነዕቃው ጭኗ ላይ አድርጋ በማንኪያ ጀመረችው። "እንቁላል አብዝተሃል" አለች። ሌላ ጎረሰች። "ስኳሩን ግን የት ተማርከው?" ሌላ ጎረሰች። ይኼኔ ስልኳ ጠራ፤ ማዳሟ ነች። ከአፏ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ሥጋው ሲያር እንኳ አላወቅኩም።

"ላ ወላሂ፣ ማዳም" አለች በዐረብኛ፤ "ፓስፖርቱን አላመጣም። እስክትሄዱ ቀን ቀን እየመጣሁ እሠራለሁ፤ ማታ ግን ቤቴ ነው የምገባው።" ምክንያቱን ጠየቀቻት መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝና ጮክ ብላ "ባሌ አይሆንም አለ" አለቻት።

እውነቱን ለመናገር እኔ አይሆንም አላልኩም። የለመንኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ስትዘጋ ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፈት አደረግኩ፤ ሳልጀምር አንድ ማንኪያ ክሬም ካራሚል አጎረሰችኝ።