ጣሊያን ያሳረፈው ማሳ

የልጅ ልጄ ከጓሮ አንድ እፍኝ አፈር ይዛ መጣች። «እማማ፣ ትል አለው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ከእጇ ላይ አሸተትኩት።

በጣሊያን ጊዜ መንደራችን ሲቃጠል ወደ ዓባይ ቆላ ሸሽተን ነበር። ሁለት ክረምት ከርመን ወደ መንደራችን ወደ አምበር ስንመለስ እናቴን ንዳድ አክስቷት በበቅሎ ጭነን አመጣናት። አባቴ አረም የዋጠውን ማሳ አይቶ «በቃ፣ ጠፍቷል» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ግን ተንበርክከው በጣታቸው ቆፈሩ። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነበር፤ ትል ይርመሰመስበታል። አሽትተው ለአባቴ አቀበሉት።

«በየዓመቱ እያረስክ አመንምነኸው ነበር። ጦም አሳድረው ብዬ ስለምንህ እምቢ አልክ፤ ይኸው ጣሊያን አሳደረልህ» አሉት።

አባቴ ከሸሸን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ ማሳ የተሰበሰበው ገብስ ፍሬው ድፍን ያለ ነበር። እናቴ አጥሚቱን ስትጠጣ ሰነበተችና አንድ ጠዋት ምርኩዟን ጥላ፣ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች። ያዳናት ገብሱ ይሁን ወይስ ወደ አገሯ መመለሷ፣ ዛሬም አላውቅም።

የልጅቱ እናት ከቤት ውስጥ «ያንን ቆሻሻ ጣዪ» ብላ ተጣራች። ልጅቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም መዳፌን ዘረጋሁላት።